የነስሩ ጆንያ

መቱ ገበያ ውስጥ ሳልፍ የደረቀ ቡና የተቀመጠበት ጆንያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ፣ ዛሬም ቆም ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ፣ ያኔ የሠራሁትን ያየ ሰው እዚያ የቆመ ይመስል።

ያደግኩት ሁሩሙ ነው። እናቴ ከገበሬ ቡና እየገዛች ትነግድ ነበር፤ ጓዳ ቁጭ ብላ ቡናውን ስትለቅም ታናሽ ወንድሜ ነስሩ አጠገቧ በተነጠፈች አሮጌ ጆንያ ላይ ይተኛ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ክረምት ላይ፣ ትኩሳት ይዞት ሞተብን። ሊያጽናኗት የመጡት ሴቶች «ሰብር አድርጊ፣ ቻይው» ሲሏት እሺ ብላ አንገቷን ደፋች፣ ሰው ፊት አንድ ዘለላ እንባ ሳታፈስ የለቅሶው ቀናት አለፉ፣ ጎረቤቱም በጥንካሬዋ አደነቃት።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ግን፣ አባቴ ወደ መስጊድ እስኪወጣ ጠብቃ ጓዳ ትገባና ያችን ጆንያ አንስታ፣ ጭንቅላቷን እስከ ትከሻዋ ከውስጧ ከትታ ታለቅስ ነበር። የታፈነ ድምጿ ደጅ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ በበሩ ስንጥቅ አይቼ፣ ለማንም ሳልናገር እመለስ ነበር።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤታችን ለወላጆች ቀን፣ ልጇ ሞቶባት ቀስ በቀስ ስለምትጽናና እናት ድራማ አዘጋጀ። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሌሎቹ ልጆች ለማልቀስ ሲሞክሩ ሳቃቸው እያመለጣቸው ሲቸገሩ፣ እኔ እጄን አውጥቼ እናት እንዴት እንደምታለቅስ አውቃለሁ አልኩ። በዕለቱም ያችኑ ጆንያ ከጓዳ ደብቄ ወስጄ፣ መድረክ ላይ ጭንቅላቴን ከትቼ ልክ እንደ እሷ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ «ቡና ጠፍቶባት ነው እንዴ?» ሲሉ ሳቁ ባሰ። ጭንቅላቴን ሳወጣ እናቴ እሳቸው ጎን ተቀምጣለች፤ የምታየው እኔን ሳይሆን ጆንያዋን ነበር። በመጨረሻ ተጽናንቼ ከሐዘን ስነሳ ተጨበጨበልኝ፤ የእሷ እጅ ግን ከሻርፗ ስር አልወጣም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጆንያዋን ተቀብላኝ፣ አጣጥፋ ብብቷ ስር ያዘች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ልጄ፣ ድምፄ ይሰማ ነበር?» አለችኝ።

«አይሰማም» አልኳት።

«እሺ» አለች፤ እንዳላመነችኝ ካረማመዷ አወቅሁ።

በሚቀጥለው ለቀማ የዚያችን ጆንያ አፍ እንድይዝላት ጠራችኝ። ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ እየሰፈረች ሞላች፣ በወስፌ ሰፋቻት፣ ከሌሎቹ ጋር ሸጠቻት። ጆንያዋ ተጭና ስትሄድ እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ እትዬ ዘሃራ እያዩዋት፣ «ነስሩ» ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እሳቸውም ያ ሳቃቸው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ አጠገቧ መጥተው አብረዋት አለቀሱ።

ዛሬ እናቴ አርጅታለች፤ መቱ እኔ ጋ ስትመጣ የነስሩን ስም አንስታ ስታለቅስም ስትስቅም ከማንም አትደበቅም። አሁን የምደበቀው እኔ ነኝ። ሆድ ሲብሰኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ባልዲ ላይ እከፍትና በውሃው ጩኸት ተሸፍኜ አለቅሳለሁ። ስወጣ ልጄን ደብተሯ ላይ አቀርቅራ አገኛታለሁ፤ እናቴ ከድራማው ስንመለስ የጠየቀችኝን እሷን ለመጠየቅ ግን እስካሁን አልደፈርኩም።