ስድስት ቅዳሜ ለሐርላ ኮረብታ

ባለቤቴ ገብረ መድኅን ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያሉትን ጣቢያዎች ዓይኑን ጨፍኖ ይጠራል። ሃያ ሁለት ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲበሳ ኖሯል። በእግሩ የሚያውቀው ግን ከቤታችን እስከ ጣቢያ፣ ሲበዛም የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ እስከ መጋላ ገበያ ነው። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም። «እኔ ተቀምጬ ምድርን ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ፤ ምን አስነሣኝ?» የሚለው ራሱ ነው።

ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ይሰቅላል፣ ቆቡን ያስቀምጣል፣ የትኬት መብሻውን ግን ከኪሱ አያወጣም። ቀጠሮ የያዘበት ቀን ሲያልፍ የግድግዳውን ካላንደር እንደ ሰው በእርሳስ አይሰርዝም፤ ጠቅ አድርጎ ይበሳዋል።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ የተመኘው ካሜራ ነው። ከባቡሩ ወርዶ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ከዛፍ ጥላ ሥር ፏፏቴ የተሳለበት ጨርቅ ሰቅሎ፣ ሙሽራና ወታደር ፎቶ እያነሣ ማርጀት። ምኞቱ የእኔም ነበር። በሳምንት አራት ሌሊት በረሃ ያድራል፤ በሩን ብቻዬን እቀረቅራለሁ። ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመት ነው ስንል ሰው ያደንቃል እንጂ፣ አብረን ያደርንበት ቢደመር ዐሥር አይሞላም።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አለቃው ሣጥን የመሰለ ካሜራ ይዘው ቤታችን መጡ። ፈረንሳዊ ናቸው። ድሬ ላይ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ስለሆነ ስማቸውን ጠይቀን አናውቅም። ሙሴ የድሮ ድንጋይ ይወዳሉ፤ ጉልበታቸው ግን ታሞ ለሕክምና ወደ አገራቸው መሄዳቸው ነበር።

«ገብረ መድኅን፣» አሉት፣ «ሐርላ ኮረብታው ላይ ውጣና የጥንቱን ከተማ ፍርስራሽ ከላይ ሆነህ አንሣልኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። ፎቶው ካለ ካሜራው ያንተ ነው። ከሌለ ግን ካሜራዬን እወስዳለሁ።»

ፊልሙ ውስጡ ነበር፤ ስምንት ፎቶ ብቻ። ባለቤቴ ካሜራውን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀብሎ በአዲሱ ነጠላዬ ጠቀለለውና ሚስማር ላይ ሰቀለው። ነጠላዬን ራሴ እስክፈታው ድረስ አልመለሰልኝም።

ከዚያ ዕቅድ ተጀመረ።

ዕቅድ በድሬ ያለ ጫት አይወጣም። በየቅዳሜው ከሁለት ወዳጆቹ ጋር በእኛ ሳሎን በርጫ ተቀመጡ። አንደኛው ፋራህ ነው፤ ድሮ የግመል ደላላ ነበር፣ አሁን የጨው መጋዘን ይጠብቃል። ሌላው ዓብዱልአዚዝ የሚባል መጋላ ጨርቅ የሚሸጥ አደሬ ነው፤ ብዙ ስላነበበ ማንንም ሳያርም አያልፍም። ሰባት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃናው ይመጣል፤ ያን ጊዜ የማይወጡት ተራራ የለም። ማታ ዝም ይላሉ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ይላቸውና ጎሕ ሲቀድ እሺ ይላቸዋል። ጉዞው ደግሞ በፀሐዩ ምክንያት የተቀጠረው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ነበር። ይህንን ነገር ከሦስቱ አንዳቸው እንኳ ልብ አላሉትም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ውኃና ባርኔጣ ይበቃል ተባለ። በሁለተኛው ፋራህ ግመል ጨመረ።

«ዋሪያ፣ ያለ ግመል ኮረብታ የወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«አቦ ተው! ግመል ኮረብታ አይወጣም፣» አለ ዓብዱልአዚዝ።

«እታች ይጠብቀናል።»

«ታዲያ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«ስንወርድ ደክሞን የለ እንዴ!»

በሦስተኛው ቅዳሜ ዓብዱልአዚዝ ከአጥቢያ ዳኛው የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል አለ። ያንን ከተማ የሠሩት ሐርላዎች በጥንት ዘመን ግዙፎች እንደነበሩ፣ ሀብት አጥግቧቸው ታብየው እንደጠፉ አስረዳ። ስለዚህ ገመድም ተጨመረ። ገመዱ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ባለቤቴ በስኳር ወረቀት ላይ ካርታ ሣለ። ኮረብታውን አይቶት ስለማያውቅ ጥሩ አድርጎ ሣለው።

እሑድ ረፋድ ላይ ሲነሣ «እነሱ መጥተው ያልቀሰቀሱኝ!» ይላል። ፋራህም ቤቱ ተኝቶ እንዲሁ ይላል። ዓብዱልአዚዝም እንዲሁ። ከዚያ ባለቤቴ ወደ ካላንደሩ ሄዶ እሑዷን ጠቅ ያደርጋታል። ባቡር ላይ የሚበሳው የተሄደበት ትኬት ነው፤ ቤታችን ግን ያልተሄደበት ቀን።

ቀኑ ባዶውን እንዳይሄድ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበረን። ፊልም እንዳይባክን ቁልፉን አይነካም፤ በአፉ «ጠቅ» ይላል እንጂ። እኔን ግቢው ውስጥ በተገለበጠው ሙቀጫ ላይ ያቆመኛል።

«ምንድን ነኝ?» አልሁት በመጀመሪያው ቀን።

«ፍርስራሹ ነሽ። አትንቀሳቀሺ።»

«ወጡ ያራል።»

«ፍርስራሽ ወጥ የለውም። ደግሞ አትሳቂ! ፍርስራሽ አይስቅም።»

ለራሱ ጮክ ብሎ ይደግማል፦ ፀሐይን ከጀርባ አድርግ፣ ሣጥኑን ሆድህ ላይ አስደግፍ፣ ከላይ ወደ መስታወቷ እይ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ቢታይህ አትደንግጥ፣ ትንፋሽህን ያዝ፣ ተጫን፣ ከዚያ በጀርባው ባለችው ቀይ መስኮት ቀጣዩ ቁጥር እስኪታይ አዙር። ካሜራውን እንድነካው አልፈቀደም። እኔ ግን አምስት እሑድ ሙሉ ፍርስራሽ ሆኜ ስቆም ከመስማት በቀር ምን ሥራ ነበረኝ?

ጫቱን የምታመጣላቸው ኪንሲ ናት። ቀጭን፣ ሥራ የማይደክማት፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች የምታወራ ሴት። በአምስተኛው ቅዳሜ ጥቅሏን አውርዳ ደጃፉ ላይ ውኃ ስትጠጣ ከውስጥ ጩኸት ሰማች። ስለ ግመሉ ነበር።

«አዴ ሰርካዲስ፣ እነዚህ ሰዎች የት ሊሄዱ ነው? ሐጅ ነው?»

«ሐርላ።»

«የቱ ሐርላ?»

ለካ ከየት እንደምትመጣ ጠይቄያት አላውቅም። የሐርላ ሰው ናት። ቤቷ ከኮረብታው ሥር ነው። በየቀኑ ሌሊት ተነሥታ ጫቱን ተሸክማ ትወርዳለች፣ ሸጣ ትመለሳለች። ሳቋ ውኃውን በአፍንጫዋ አስወጣው።

«ያ ረቢ! እኔ ጠዋት ከዚያ መጣሁ፣ አሁን ልመለስ ነው! ግመሉ ለምንድን ነው?»

«ውኃ ሊሸከም።»

«ውኃማ እኛ ጋ ምንጭ አለ። ይዘውልን ሊመጡ ነው?»

ገባሁና ነገርኋቸው። «ኪንሲን ተከትላችሁ ሂዱ፤ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው አለች።»

ፋራህ ጉንጩን እንደ ወጠረ በሐዘን አየኝ። «ናያ፣ እሷ የምታውቀው የጫት መንገድ ነው። እኛ የምንፈልገው የፎቶ መንገድ ነው።» ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁለት።

ስድስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ሙሴ የሚመለሱት ማክሰኞ ነው። በዚያ ቀን ዕቅዱ ከምንጊዜውም ያማረ ሆነ፤ ዓብዱልአዚዝ ለመልስ ጉዞ የሚነበብ ንግግር ጻፈ። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ባለቤቴ በጀርባው ተዘርግቶ ያንኮራፋል።

«ገብሬ፣ ተነሣ። የመጨረሻው እሑድ ነው።»

«ግመሉ መጣ?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው ዕቅዱ አልተጠናቀቀም፣» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

አልተቆጣሁም። ቁጣዬ ካለቀ ቆይቷል። ግን ማክሰኞ ሣጥኑ ሄዶ፣ እሱም ወደ በረሃው ተመልሶ፣ እኔ በር ስቀረቅር ታየኝ። ኪንሲ ሦስት ሰዓት ላይ ሸጣ ጨርሳ ስታልፍ በሩ ላይ ቆሜ አገኘችኝ። ነጠላዬን ከካሜራው ላይ ፈትቼ ለብሼዋለሁ፤ ካሜራው ከሥሩ ነው።

«ምነው አዴ?»

«አብሬሽ ልሂድ።»

እግሬን አየች። ኮንጎ ጫማ አድርጌያለሁ። «ይሁን፣» አለች፤ ሌላ ዕቅድ አላወጣንም።

መንገዱን አልተርከውም፤ ሽቅብ ነው፣ ይሞቃል። ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ፣ አንድ ጊዜ ጫማዬ ተበጠሰ፣ ኪንሲ በልጥ አሰረችልኝ። ፀሐዩ እስኪበርድ ቤቷ አረፍን። የግድግዳዋ ድንጋይ ግማሹ ከፍርስራሹ የመጣ ነው፤ በሬው ውኃ የሚጠጣበት ገንዳም የሐርላዎች ነው። ዐሥር ሰዓት ላይ ኮረብታውን ስንወጣ ሸምሶ የሚባሉ ሽማግሌ፣ የባሏ አባት፣ ከጫት ማሳ መጠበቂያቸው ወርደው መንገዱን ዘጉ። ኪንሲ ነገሩን አስረዳቻቸው።

«ድንጋይ ፎቶ ልታነሣ መጣች?» አሉ። «ድንጋዩ የትም አይሄድ። የምሄደው እኔ ነኝ፤ እኔን ታንሣኝ!»

ምን ይባላል? አንዷን ለሳቸው ሰጠኋቸው። ያለማንም ትእዛዝ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አልሳቁም። ከእኔ የተሻሉ ፍርስራሽ ነበሩ።

ከላይ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። እታች የድንጋይ ክምር የመሰለው፣ ላይ ሆነው ሲያዩት ቤት ከነመንገዱ ነው፤ ጓዳው ሳይቀር ይለያል። እኔ ትምህርት ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ነው፤ አባቴ ሲሞት። የጥንት ከተማ የሚባለው በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ፣ ከእኛ ርቆ ያለ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ድንጋይ የደረደሩት ሰዎች ዕቅዳቸውን ያወጡት በጠዋት መሆን አለበት አልሁ በልቤ። ከዚያ ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ሣጥኑን ሆዴ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ሰባቱን አነሣሁ። ኪንሲ አጠገቤ ቆማ ኩበት ልትለቅምበት የያዘችውን ባዶ ቅርጫት በራሷ እንደ ተሸከመች «አንድ... ሁለት...» እያለች ትቆጥራለች።

ስመለስ በሐረር መንገድ የጭነት መኪና አገኘሁ። ቤት ስገባ ሊመሽ ሲል ነው። ሦስቱም ሳሎን አሉ፣ ጫቱ ተዘርግቷል፣ ባለቤቴ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ካሜራው ተሰርቋል፤ ሌባውን ለመያዝ ዕቅድ እያወጡ ነው።

«በሦስት አቅጣጫ እንከበዋለን፣» ይላል ፋራህ።

ሣጥኑን ሚስማሩ ላይ ሰቀልሁት።

«ስንት አነሣሽ?» አለ ባለቤቴ።

«ስምንቱንም።»

ከኪሱ መብሻውን ወሰድሁና ያችን እሑድ ራሴ በሳኋት።

ማክሰኞ ሙሴ መጡ፣ ፊልሙን ወስደው አሳጠቡ፣ ሐሙስ ፎቶዎቹን ይዘው ቤታችን ተቀመጡ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ኮረብታው ሲጠይቀኝ ቆይቷል። ሙሴ «አንተ ውጣ» ነበር ያሉት፤ ካሜራው እንዳይሄድበት ፈርቷል። «የወጣሁት እኔ ነኝ» ሊል ሲነሣ እኔም አልከለከልሁትም። ጀመረ።

«መንገዱ ከባድ ነበር፣ ሙሴ። ቆቤን ነፋስ ሊወስደው ሲል...»

ሙሴ እያዳመጡ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ድንጋዩ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ በሦስተኛው ፎቶ ግርጌ ጣታቸውን አሳረፉ። ፀሐይ ከጀርባዬ ነበረች አላልሁም? ከፊት ለፊት፣ በፍርስራሹ ላይ፣ ሁለት ረጃጅም ጥላዎች ተኝተዋል። አንደኛው ቀሚስና ነጠላ ለብሷል። ሁለተኛው ቅርጫት ተሸክሟል።

«ገብረ መድኅን፣» አሉ ሙሴ፣ «ቀሚሱን ከየት አመጣኸው?»

ባለቤቴ ጥላውን አየ። ነፋሱ ኮቴን ነፍቶት ነው ሊል ይችል ነበር፤ በርጫ ላይ ቢሆን ይል ነበር። መብሻውን ከኪሱ አውጥቶ ባዶውን ጠቅ ጠቅ አደረገ።

«ባለቤቴ ናት፣ ሙሴ። እኔ ተኝቼ ነበር።»

«ስድስት ሳምንት?»

«እሑድ እሑድ።»

ሙሴ አልሳቁም፤ ፎቶዎቹን ሰብስበው የሽማግሌውን ለብቻ አስቀሩ። ከዚያ ካሜራውን አንሥተው ባለቤቴ እጁን ሲዘረጋ አልፈውት ለእኔ ሰጡኝ። «ካሜራው ለወጣው ሰው ነው፣» አሉና በትራቸውን ተደግፈው ሄዱ።

ባለቤቴ ከክረምቱ በኋላ ከባቡር ወረደ። አሁን ከዚራ ዛፍ ሥር ነን። ወንበሩንና ፏፏቴውን እሱ ይሸከማል፣ ሰዉን እሱ ያስቀምጣል፣ አገጭ ያቃናል፣ «አይሳቅም!» ብሎ ሙሽሮቹን ያስደነግጣል። እኔ እጫናለሁ። በአጭሩ፣ ካሜራ መጣና ሥራ ተጨመረልኝ። ግን ማታ በሩን የሚቀረቅረው እሱ ነው።

የሽማግሌውን ፎቶ ለኪንሲ ሰጠኋት። አባ ሸምሶ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውት፣ እንግዳ ሲመጣ «ይህ፣ ድንጋዩ እንኳ ሳይነሣ፣ እኔ የተነሣሁት ፎቶ ነው» ይላሉ አሉ።

ቅዳሜ በርጫው አልቀረም። ሐርላን እንዴት እንደወጡ ይተርካሉ፤ በፋራህ ወግ ላይ ጅብ ገብቷል፣ ግመሉም ደርሷል። አላርማቸውም። ባለፈው ደግሞ ቢዮ አዋሌ በኩል የድሮ መቃብር አለ ተባለና አዲስ ካርታ ተዘረጋ። ባለቤቴ በካላንደሩ ላይ እሑድ ፈለገ። እኔ ወደ ደጃፍ ወጣሁ፤ ኪንሲ ጥቅሏን እያወረደች ነበር።

«ቢዮ አዋሌ ዘመድ አለሽ?» አልኋት ቀስ ብዬ።

«እህቴ እዚያ ነው ያገባችው፣» አለችና እግሬን አየች። «ጫማ ግን ቀይሪ።»