የአሥራ ሁለተኛዋ ግልገል እንገር

በአሳማ እርባታው ውስጥ ግልገሎቹን የሚንከባከበውን ሰው ሁሉም «ሞግዚቱ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ለበሰው።

ዓምና ስድስት ግልገሎች በተቅማጥ አልቀውበታል። እናታቸው በእርግዝናዋ ሁለቴ ተከትባ ስለነበር «እሷ ከተከተበች እነሱም እንደተከተቡ ነው» ብሎ፣ እናቲቱ እንድታርፍ እስከ ማግስቱ ማሞቂያ መብራት ሥር ሳጥን ውስጥ አቆያቸው፤ የላም ወተት አጠጣቸው። የእንስሳት ሐኪሟ ስትመጣ አልተቆጣችውም።

«ጋሼ፣ ክትባቱማ ሠርቷል» አለችው። «የእናቲቱ ደም በሽታውን የሚመክት ነገር አዘጋጅቷል። አሳማ ግን ሆዷ ውስጥ ሳሉ አታወርሳቸውም፤ ስንቁን የምትሰጣቸው በእንገሯ ነው። የግልገሉ አንጀት ደግሞ በሩን የሚከፍትለት ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይዘጋል።»

እንገር! ያንን ወፍራም፣ ቢጫ የመጀመሪያ ወተት ከልጅነቱ ያውቀዋል። ስንቅ መሆኑን ግን ማን ነገረው?

ዘንድሮ ያችው አሳማ እንደ ዓምናው ተከትባ ማለዳ ላይ ወለደች። አሥራ አንዱ እየተጋፉ ጡት ያዙ። አሥራ ሁለተኛዋ መዳፍ የማትሞላ፣ ቀዝቃዛ፣ አፏን መክፈት እንኳ የተሳናት ነበረች። ሞግዚቱ በጨርቅ አሽቶ አደረቃትና ደረቱ ላይ ሸጎጣት። ገላዋ ሞቅ ሲል ተንበርክኮ የእናቲቱን ጡት ጠብ ጠብ እያደረገ ኩባያ ውስጥ ያልብ ጀመር።

ምሳ ይዛለት የመጣችው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ የራስህ ልጆች ሲወለዱ እንዲህ ሆነህ ነበር?»

«የእኛዎቹማ ጎረቤት እስኪበጠበጥ ጮኸው ነው ጡት ያስመጡት። ይቺ ምስኪን ምን አቅም አላት?»

«በል ተጠጋልኝ» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ተንበረከከች። «አንተ እለብ፣ እኔ ላጠጣት። ያንተ ጣት እንደሆነ አካፋ ነው።»

መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ጠብታ በጠብታ ሰጠቻት። ግልገሏ በከንፈሯ ዳር አፈሰሰችው። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ፈሰሰ። ሞግዚቱ በልቡ «ጌታዬ፣ በሩ ሳይዘጋ» እያለ ይለምን ነበር። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ፤ ዋጠች። ደግማ ዋጠች።

በአምስተኛው ቀን፣ ያልተከተበች አሳማ ከወለደችበት ጉረኖ ተቅማጥ ተነሣ። ሞግዚቱ እየሮጠ መጥቶ የግልገሎቹን ጭራ አንድ በአንድ እያነሣ አየ። የአሥራ አንዱ ደረቅ ነው። የትንሿን ለማየት ግን ልቡ ከዳው፤ ሚስቱን ጠራት።

እሷም አንሥታ ገልበጥ አደረገቻት።

«ንጹሕ ናት። ወይኔ ጣቴን! ነከሰችኝ እኮ፣ ባለጌ!»

«ተመስገን» አለ ኮፍያውን አውልቆ። ከዚያም ወደ እናቲቱ ዞረና፣ ዓይኗን እስክትጨፍን ድረስ ጆሮዋ ሥር ቀስ እያለ አከከላት።