ምሰሶው ውስጥ ያለው ወርቅ

በመጀመሪያው ቀን ወደ ወርቁ ጉድጓድ አላወረዱኝም። ገበቴ ሰጥተው ወንዙ ዳር አስቀመጡኝ። ከወንበራ የመጣነው ከባሌ ጋር ነበር፤ ጨርቅና አሞሌ ጨው እንነግድ ነበር። እሱን ባምባሲ ላይ ንዳድ ወሰደው። እኔና ልጄ ዘነቡ አሶሳ ቀረን። እዚያ ደግሞ ዘመድ የሌላት ሴት የምታገኘው ሥራ ወርቅ ማጠብ ነው።

የቆፋሪዎቹ አለቃ ሐዋ የምትባል የበርታ አሮጊት ነበረች። ሁሉም «ሐቦባ» ይላታል፤ አያቴ እንደማለት ነው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ገበቴዬን ስነቀንቅ አይታ፦

«አንተ ሐበሻ፣ ቀስ በል! ወርቁ ከባድ ነው፣ ታች ይተኛል። አንተ እንደ ሽሮ አማሰልከው» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። አጣቢዋ ጠጠሩን በገበቴ ታጥባለች። ተሸካሚዋ በቅርጫት ከጉድጓድ ወደ ወንዝ ታመላልሳለች። ቆፋሪዋ በገመድ ትወርድና ከሥር ወደ ጎን ዋሻ ትፈለፍላለች፤ መሣሪያዋ ዶማና መሮ ነው። ከሁሉ የምትከበረው እሷ ናት። እኔ አጥቤም፣ ተሸክሜም፣ ኋላ ቆፍሬም አይቻለሁ። ስቆፍር ግን እፈራ ነበር። አፈር ኮሽ ካለ ሮጬ ገመዱን እይዛለሁ፤ «ሊወድቅ ነው!» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም አይወድቅም። ውሎ አድሮ የሚሰማኝ ጠፋ።

ሐቦባ አስቀድማ ያስተማረችኝ ምሰሶ መተውን ነው። ዋሻው ሲፈለፈል መሀል ላይ ሳይነካ የሚቀር ወፍራም ድንጋይና ጠጠር አለ፤ ጣሪያውን የሚሸከመው እሱ ነው።

«ይሄ ከላይ ያለው ተራራ ድሮ በሁሉ ላይ ተቀምጦ ነበር» አለችኝ። «አንተ ከሥሩ ግማሹን አወጣህ። ክብደቱ ግን አልወጣም። የት ሄደ? ምሰሶው ላይ ሄደ።»

«ምሰሶው ካልቻለስ?»

ከአጥሩ ደረቅ ቀርከሃ መዘዘችና ጉልበቷ ላይ አጎበጠችው። ጎበጠ። ጥቂት ተንጣጣ። ከዚያ ቷ ብሎ ተሰበረ። ሐቦባ መዳፏን አራገፈች።

«አየህ? መጀመሪያ ተሰበረ፣ ኋላ እጄን ነዘረኝ። ድንጋይም ሲሸከም ዝም ይላል፣ ሲሰበር መሬቱን ይነዝረዋል።»

«አገሩን ሁሉ የሚያንቀጠቅጠውም ይኸው ነው?»

«እሱ ትልቅ ነው፣ በጣም ታች ይሰበራል፣ እኛ አናየውም። ይሄ ትንሽ ነው። ወላሂ፣ ሥራው አንድ ነው።»

ሌላው ያስተማረችኝ የጭቃውን ነገር ነው። ምሰሶ ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ከሥራ ሲወጣ በእበት የተለወሰ ጭቃ ይመረግበታል። በማግስቱ ይታያል። ጭቃው በመድረቁ ብቻ ከተሰነጠቀ እንደ ዶሮ እግር ወዲህም ወዲያም ይሄዳል። ድንጋዩ እየተከፈተ ከሆነ ግን ከሥር ያለውን ስንጥቅ ተከትሎ በአንድ መስመር ይከፈላል። ያን ጊዜ ማንም አይወርድም።

ዓመታት አለፉ። ዘነቡ አግብታ ወለደች፤ ከእኔ የበረታች ቆፋሪም ሆነች። ሐቦባ እግሯ ታሞ ቤት ዋለች። በጋው ሊያልቅ ሲል ለአገሩ ሹም ወርቅ የሚሰበስበው ወኪል በበቅሎ መጣ።

«ወንዙ ሳይሞላ የቀረውን አውጡ» አለን።

«የቀረው ምሰሶው ነው፣ ጌታዬ» አልኩት።

«ምሰሶው ውስጥ ወርቅ የለም?»

«አለ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምታስቀምጡት?»

ዘነቡም «ጥቂት እንላጨው እንጂ አንጨርሰውም» አለችና ወረደች። እውነትም ጠጠሩ ጥሩ ወርቅ ነበረው። ስለዚህ በማግስቱም ላጨችው፣ ከዚያ ወዲያም ላጨችው። ምሰሶው ቀጠነ፤ ወገቡ ላይም ስንጥቅ አየሁ። ጭቃ መረግኩበት። ጠዋት ቀድሜ ወርጄ ሳየው በአንድ መስመር ተከፍሏል።

ወጥቼ ለወኪሉ ነገርኩት።

«በጋ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» አለኝ።

«በአንድ መስመር ነው የተሰነጠቀው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አምና ስንት ጊዜ ነው ሊወድቅ ነው ያልሽው?»

ስንነጋገር ዘነቡ በሌላው ገመድ ወርዳ ኖሯል። ጎንበስ ብዬ ጠራኋት።

«ዘነቡ! ውጪ! ሊወድቅ ነው!»

«እማዬ፣ ትናንትም ወድቆ ነበር!» አለችኝ ከታች። ገመድ ያዦቹ ሳቁ። አንደኛዋ «እሷን ብንሰማ አሶሳ እስካሁን ጠፍታ ነበር» አለች።

ገመዱን ይዤ ወረድኩ። ሄጄ ምሰሶው ሥር ቁጭ አልኩ። ዘነቡ መሮዋን እንደያዘች አየችኝ።

«ተነሺ እማዬ፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»

«አልነሳም።»

«ሰው እንዲስቅብኝ ነው?»

«ይሳቅብሽ። አንቺ ካልወጣሽ እኔም አልወጣም።»

በዚህ መሀል ሌላ ድምፅ ተሰማ። ምሰሶው ይንጣጣ ነበር። ማንም ሳይነካው ጠጠር ከፊቱ እየረገፈ ትከሻዬ ላይ ወረደ። ዘነቡ መሮውን ጣለች። ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ፤ ገመዱ ጋ ስንደርስ «አንቺ ቅደሚ» ስላት ሰደበችኝና ከታች ገፍታ አወጣችኝ። እሷም ተከተለችኝ።

ከአፋፉ ጥቂት እንደራቅን ከጉድጓዱ አቧራ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ነው መሬቱ እግራችንን የመታን። የጉድጓዱ አፍ ወደ ውስጥ ገባ። ከመንደር ሰዎች «መሬት ተንቀጠቀጠ!» እያሉ መጡ። ወኪሉም ለሹሙ እንዲያ ብሎ ተናገረ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉድጓዱን ጣለው፣ የአላህ ሥራ ነው አለ።

ሐቦባ ግን ቤቷ ስሄድ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«አቧራው ቀደመ ወይስ ንዝረቱ?»

«አቧራው።»

«እንግዲያ መጀመሪያ ምሰሶው ተሰበረ፣ መሬቱን አትስደብ» አለችኝ።

ዘነቡ ብዙ ሳትቆይ ሌላ ጉድጓድ ጀመረች። አልከለከልኳትም፤ ሌላ የምንበላበት ሥራ የለንም። ዋሻውን ከመፈልፈሏ በፊት ግን ለምሰሶ የሚቀረውን ቦታ በከሰል አሰመረችው። ወኪሉ መጥቶ «ከመስመሩ ወዲያም እኮ ወርቅ አለ» አላት። «አለ» አለችውና በወዲህኛው በኩል መቆፈሯን ቀጠለች።

እኔ አሁንም ገመዱ አጠገብ ቁጭ ብዬ እፈራለሁ። ወደፊት ለምትወርዱ የምለው ይህን ነው፤ ምሰሶ ውስጥ ወርቅ አለ። ተዉት።