ሁለቴ የሚቆልፈው ባሌ

ባሌ የመጋዘን ዘበኛ ነው። በሩን ይቆልፋል፤ ትንሽ ይራመድና ተመልሶ ቁልፉን ይነቀንቃል። የመጋዘኑ ሰዎች «ሁለቴ» ያሉት ለዚህ ነው። ቤትም ያው ነው፤ ምድጃ አጥፍቼ ስመጣ ሄዶ ያያል። አንዳንዴ ቆሽቴን ያሳርረዋል።

ልጃችንን ስኳር የያዛት ገና በአራስነቷ ነው። መርፌዋን የሚወጋት እሱ ነው። ጠዋት ኢንሱሊኑን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ፣ እንዳይቀዘቅዛት ብብቱ ውስጥ ያሞቀዋል። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ ቀሚሷን ከሆዷ ላይ ትሰበስብለታለች። እኔ ልውጋት ስለው «እጅሽ ይከብዳል» ይለኛል። የኔ እጅ!

ሰባት ዓመት ሲሞላት ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ ጠራችን።

«የልጃችሁ ቆሽት ኢንሱሊን ይሠራል» አለችን። «ሴሎቹ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ታሽጎ ተቀምጧል። ከረጢቶቹን ከሴሉ ግድግዳ ጋር አጣብቀው የሚከፍቱ ፕሮቲኖችም አሉ። ግን ስኳር ሲመጣ ‹አሁን ልቀቁ› የሚላቸው የለም። ምልክቱን የሚያስነሳው ሌላው ፕሮቲን፣ መዘጋት ሲገባው ክፍት ሆኖ ቀርቷል።»

«ክፍት?» አለ ባሌ ደንግጦ። የዘበኛ ነገር!

«አዎ። ይህ ኪኒን ይዘጋዋል፤ ሲዘጋ ምልክቱ ተነስቶ ኢንሱሊኑ ይወጣል።»

ሐኪም ቤት አስተኝታ መርፌውን ቀስ በቀስ ቀነሰችላትና ጭራሽ አስቆመችው። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። የሱ ፊት ግን አልተፈታም። «ይሄን ሁሉ ዓመት አልወጣ ያለ ነገር በኪኒን ወጣ በሉኛ!» ይላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ቤት በገባን ማግስት ጠዋት ኪኒኗን ሰጠኋት። ቁርስ ላይ ላብ በላብ ሆነች፤ እጇ ተንቀጠቀጠና ብርጭቆው ወደቀ። ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። ቀና ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ትንሽዬ ነው የወጋኋት» አለ። «ምናልባት ኪኒኑ ባይሠራ ብዬ።»

«ሁለቴ!» ብዬ ጮህኩበት። በዚህ ስም ጠርቼው አላውቅም ነበር። «ልጄን ልትገድልብኝ ነው? የራሷ ኢንሱሊን እየወጣ ነው እኮ! በላዩ ላይ ትጨምርበታለህ?»

ሐኪሟ ጋ ይዘናት በረርን፤ ደግነቱ ተረፈችልን። እሱ እጇን እንደያዘ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። የቀረውን ኢንሱሊንም ራሱ ለሐኪሟ አስረከበ።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እሷም በልማዷ ዓይኗን ሳትገልጥ ቀሚሷን ትሰበስባለች። እሱ ባዶ እጁን ብብቱ ውስጥ ያሞቅና ቀሚሷን ቀስ አድርጎ ያወርድላታል።

«ተኚ የኔ እናት» ይላታል።

በሩ ድረስ ሄዶ ይመለስና አንዴ ደግሞ ያያታል።