ምሳሌ ያጣው ካርድ

አጎቴ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ጡረታ ሲወጡ ለተማሪዎች የሚሆን መዝገበ ቃላት እጽፋለሁ ብለው ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ አለው፤ ከላይ ቃሉ፣ ከሥሩ የአማርኛ ፍቺው፣ ከታች በሁለቱም ቋንቋ አንድ ምሳሌ። እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬም ቢሮ ውስጥ ጽሕፈት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በእጃቸው የጻፉትን ታይፕ እመታላቸው ነበር።

በምሳሌው ነገር ግን አይቻሉም። ወጣት መምህር ሳሉ ሰሌዳ ላይ «ሰውየው ከፈረስ ወደቀ» ብለው ሲጽፉ፣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ሰውየው ማን እንደሆነና ተርፎ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ዓረፍተ ነገሩን አጠፉት። ከዚያን ቀን ወዲህ በዓይናቸው በብረቱ ያላዩትን ሰው በምሳሌ አስገብተው አያውቁም። ስለዚህ በካርዶቹ ውስጥ ያለው ሰፈርተኛው ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ በፊደል ተራ ተሰድሯል።

ነገሩ ማስፈራት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ማነከስ ለሚለው ግስ፣ ፀጉር ቆራጩ በቀኝ እግሩ ያነክሳል ብለው ጻፉ። ፀጉር ቆራጩ ሲሰማ ሳቀባቸው፤ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተራመደ፣ የቱ ጋ ነው የማነክሰው እያለ ደንበኞቹን አስፈረደ። በወሩ በቀኝ እግሩ ማነከስ ጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀውም። ከእሱ በፊት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። መርፌዋን በእጇ ዳብሳ ትፈልጋለች ብለው ሲጽፉ ዓይኗ ደህና ነበር፤ አሁን ክር የምታስገባላት ልጇ ነች። አጎቴ አስተዋይ ስለሆኑ ሰው ራሱ ያላወቀውን ያዩበታል እያልኩ አስረዳ ነበር። እኔ ራሴ ግን ብዙም አላመንኩትም።

ኤል ፊደል ላይ ሲደርሱ ላንግዊሽ የሚለው ግስ ያዛቸው። «ደከመ» ብለው ጻፉና ሰረዙት፤ የደከመ ሰው ተኝቶ ይነሣል አሉ። «ዛለ»ንም ሰረዙት። «ጠወለገ» ደስ ብሏቸው ነበር፤ እሱም ለቅጠል ያደላል ብለው ተዉት። በመጨረሻ «መነመነ» ላይ አረፉ።

«ልብ በዪ፣» አሉኝ፣ «ይኼ ግስ በሽታም ሥራም አይፈልግም። ሰውየው አንድ ቦታ እንደተቀመጠ ይረሳል፤ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። አሁን የሚቀረኝ ሰው ብቻ ነው።»

ይህን ብለው ቀና ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። መንገድ ላይ ፀጉር ቆራጩን አገኘሁትና፣ አጎቴ የሚመነምን ሰው እየፈለጉ ነውና ተጠንቀቅ ብዬ ቀለድኩበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በየሁለት ሳምንቱ ቤታቸው ድረስ እየሄደ ጢማቸውን ይላጭ የነበረው ፀጉር ቆራጭ፣ በዚያች በምታነክሰው፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ በደጃቸው ማለፍ ትታ በጓሮ በኩል መዞር ጀመረች። የቀረውም ሰው ሰላምታውን በሩቁ አደረገ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ብቻ ወሬውን አልሰሙም።

እኔስ? ፈራሁ። ሥራ በዛብኝ ብል ውሸት ነው። እስከዚያ ድረስ በአንድም ካርድ አልገባሁም ነበር፤ በዚህኛው መጀመር አልፈለግኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ በሳህን ሸፍኜ ደጃቸው ላይ አስቀምጥና፣ አንኳኩቼ ጥጉን እታጠፋለሁ። እዚያ ቆሜ በሩ ሲከፈት እሰማለሁ። «ማነው?» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ደግመው «ማነው?» ይላሉ። በየሳምንቱ ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። በሰባተኛው ቅዳሜ በሩ አልተከፈተም።

ገፍቼ ገባሁ። ቀትር ነበር፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቤቱ ወንበሮች በሙሉ ከየቦታቸው ተነሥተው፣ እንግዳ እንደሚጠበቅ፣ ወደ እሳቸው ዞረው ተደርድረዋል። ሁሉም ላይ አቧራ ተኝቷል። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፤ መሙያው ቁልፍ ከእጃቸው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ማዞር አቅቷቸው። ጢማቸው አድጓል። የለበሱት የራሳቸውን ኮት ነው፤ ግን የሌላ ሰው ይመስላል። እጃቸውን አንሥቼ ስስመው ክብደት አልነበረውም።

«ካርዱ አላለቀም፣» አሉኝ። ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ። «ሰው አጣሁለት። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፣ ማንም አልመጣም።»

ካርዱን አየሁት። ቃሉ አለ፣ ፍቺው አለ፤ ምሳሌው ባዶ ነው። ሰው አጣሁ ያሉት ከልባቸው ነበር። ሌላ የማደርገው ቢጠፋኝ ታይፑ ፊት ተቀመጥኩና፣ ሰውየው ጠያቂ ካጣ ወዲህ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ መነመነ ብዬ መታሁ። በዚያ ጸጥታ እያንዳንዱ ፊደል ሲያርፍ ይሰማ ነበር።

ካርዱን ጣታቸው ላይ አስያዝኳቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀዩን እስክሪብቶ አንሥተው፣ የተማሪ ደብተር እንደሚያርሙት፣ የትክክል ምልክት አደረጉበት።

«ሰውየው ማን ነው?» አሉ።

«ያውቁታል፣» አልኩ።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ፣ በዚያ በድሮው የክፍል ቁጣ። «ሂጂና ጠይቂው እንጂ።»

አንዱን ወንበር ሳብኩ፣ አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩና ጉልበታቸው ሥር ተቀመጥኩ። መጣሁ እኮ፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። እሳቸው ግን በሩን በሩን እያዩ እስክወጣ ይጠብቁ ነበር።