የኪራይ ደብተሩ ላይ ያለው ስም

ትናንት ጠዋት አንዲት እናት ቢሮዬ ውስጥ አስለቀስኩ። ልጠቅማቸው ብዬ ነው ደግሞ...

አምቦ ውስጥ የቀበሌ ቤት ኪራይ ሰብሳቢ ነኝ። አሠራራችን ቀላል ነው። ከፋዩ ሲገባ የኪራይ ደብተሩን መስኮቴ ላይ ያስቀምጣል፣ ሄዶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ደብተሩ ላይ ያለውን ስም እጠራለሁ። የምጠራው ታዲያ የከፋዩን ሳይሆን ቤቱን በውል የያዘውን ሰው ስም ነው። ስለዚህ ሚስት በባሏ ስም ትነሳለች፤ ጺሙ የተንዠረገገ ሰውዬ «ወይዘሮ እልፍነሽ!» ስል «አቤት!» ብሎ ይመጣል። ለምደነዋል፣ ማንም አይስቅም። እኔ ብቻ አንዳንዴ ያመልጠኛል።

አዴ ወርቄ የሚነሱት «ኦቦ ለሜሳ ጉተማ!» ስል ነው። ባላቸው ናቸው። የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበሩ ይባላል፤ እኔ በስም ብቻ ነው የማውቃቸው። አዴ ወርቄ ሁልጊዜ ሁለቴ ካልጠራሁ አይነሱም። ጆሯቸው የደከመ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እጠራ ነበር። ኪራዩ የመጡበትን ባጃጅ ሒሳብ እንኳ አያክልም፤ ግን አንድም ወር አሳልፈው አያውቁም።

ኦቦ ለሜሳ ከሞቱ ቆይተዋል። ብዙ ቤት እንዲህ በሟች ስም ሲከፈልበት ኖሯል፣ ማንም ምንም አይልም ነበር። በቅርቡ ግን መመሪያ መጣ... በሟች ስም ያለ ቤት በጊዜ ገደቡ ወደ ባል ወይም ወደ ሚስት ካልዞረ ቀበሌው ይረከበዋል። አዴ ወርቄ ደግሞ ከዚያች ቤት ሌላ መግቢያ የላቸውም።

ነገርኳቸው። «በሚቀጥለው ወር» አሉ። በወሩ ደግሜ ነገርኳቸው። «በሚቀጥለው ወር፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ትናንት እንግዲህ ገደቡ ሊያልቅ ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር።

በሽቄ ነው የጠበቅኳቸው። ሰው እንዴት ለገዛ ቤቱ ይሰንፋል? ቅጹን አወጣሁና መስኮቱ ጋ አቆምኳቸው።

«የሟች ሙሉ ስም?» አልኩ።

ዓይናቸውን ወደ ደብተሩ አወረዱ።

«አዴ ወርቄ፣ የሟች ስም!»

ደብተሩን በጣታቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት።

«እሱንማ አየሁት፤ በቃልዎ መናገር አለብዎት፣ ደንብ ነው» አልኳቸው። ደንብ አልነበረም። እልህ ይዞኝ ነው።

ደብተሩን እንደገና ገፋ አደረጉልኝ። ያኔ ጮህኩ። «ሰውዬው ሞተዋል እኮ! ስማቸውን ቢናገሩ ምን ችግር አለው?»

አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከወረፋው አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ልጄ፣ በኛ ወግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም እኮ። ቢሞትም» አሉኝ።

እኔ ጊንጪ ከተማ ነው ያደግሁት። እንዲህ ያለው ነገር ከአያቶቼ ጋር የቀረ ይመስለኝ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አዴ ወርቄ ቀደሙኝ።

«ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን በአፌ ጠርቻቸው አላውቅም። አባወራዬ ነው የምላቸው። ስማቸውን የሚያስጠራ ልጅም ጌታ አልሰጠንም። ወንድሞቻቸው አለቁ። አሁን ስማቸውን የሚጠራልኝ አንቺ ብቻ ነሽ... በወር አንዴ። መጀመሪያ ስትጠሪ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ስትደግሚው እነሳለሁ።»

እንባቸው ያኔ ነው የመጣው። በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እኔ የሞላሁት ቅጽ ላይ ፈረሙ። ሥራው ግን መጨረስ ነበረበት፣ ካልጨረስኩት ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው።

አዲስ ደብተር በስማቸው ጻፍኩ። የድሮው ተመላሽ ይሆናል፤ ስሙም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል። እያዩኝ አሰመርኩ። ዞር ብዬ ላስምረው የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም።

«በቃ፣ ቤቱ የእርስዎ ሆነ። ማንም አያስወጣዎትም» አልኳቸው።

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። «ከእንግዲህ እኔን ነው የምትጠሪው?»

«አዎ።»

አዲሱን ደብተር አነሱ። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «እንግዲያው ዛሬን አንዴ እሳቸውን ጥሪልኝ» አሉኝ።

ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ናት። ግን አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል፣ ወረፋው ያጉረመርማል፣ ስሙ ደግሞ አሁን ተሰርዟል... ሰው ምን ይለኛል አልኩ። ዓይኔን ደብተሮቹ ላይ ተክዬ «አዴ ወርቄ፣ ወረፋ አለ እኮ» አልኩና የቀጣዩን ሰው ስም ጠራሁ።

«እሺ» ብቻ ነው ያሉት። አዲሱን ደብተር በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ በሩን ዘጋሁና አግዳሚው ፊት ቆሜ «ኦቦ ለሜሳ ጉተማ!» አልኩ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ቀኑን ሙሉ ስም ስጠራ የምውል ሰው ነኝ... የተለመንኩት አንድ ስም ግን ከበደኝ።