የታየች እንግዳ ደራሲ

ታየች ጉለሌ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። አለቆቿ መጽሐፍ የሚያውቁት አቧራው ሲያስነጥሳቸው ነው፤ እሷ ግን በአርባ ዓመቷም የልጆች መጽሐፍ ካገኘች ምሳዋን ትረሳለች፤ የደራሲዎቹንማ ስም የምትጠራው እንደ ጻድቃን ነው።

ከስድስት ዓመት ልመና በኋላ ከደራሲ ሲና ላቀው «ቅዳሜ መጥቼ ለልጆቹ አነባለሁ» የሚል መልእክት ደረሳት። ሲናን በአካል አይታ አታውቅም፤ ደራሲ ሲባል ግን ጺማም ሽማግሌ ነው ብላ ደምድማለች። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጺማም ሽማግሌ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ እልልታዋን አቀለጠችው። ከሽሮ ሜዳ የገዛችውን ጋቢ አልብሳ፣ ሊያዳምጡ የተሰበሰቡት ልጆች ፊት አስቀምጣ የሲናን መጽሐፍ አስያዘቻቸው።

ሰውየው አምፖል ሊቀይሩ የተላኩ ጋሽ ሙሉቀን ነበሩ። ክብር ሲዘንብ ማን ጃንጥላ ይዘረጋል? አነበቡ። ጅቡን አስጮኹት፣ ጦጣዋን አስለፈለፏት፤ ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ።

በሩ ላይም ጂንስ የለበሰች ወጣት ቆማ ትስቃለች።

«እህቴ፣ ዝም በይ፤ ደራሲው እያነበቡ ነው» አለቻት ታየች።

«እኔ ነኝ እኮ ሲና።»

የታየች ፊት በርበሬ መሰለ። «ወይ ጉዴ። በቃ፣ አሁኑኑ አስነሣቸዋለሁ።»

ሲና ክንዷን ያዘቻት። «ተይ እንጂ፤ እኔ ሳነብማ ጅቤ እንዲህ አይጮህም።»

ሁለቱ ሴቶችም ከልጆቹ መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ታየች የደራሲዋን እጅ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ጋሽ ሙሉቀንም ጣታቸውን በምራቅ ነካ አድርገው ሁለተኛውን ምዕራፍ ገለጡ።